የሌሊት አስታማሚዎች፦ ስትፈሩ ምን ታነባላችሁ?

የማታዋ (ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6:40)

ሰላም ቤተሰቦች። ሁልጊዜ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐሙስ ኦፕሬሽን ትገባለች ተብሏል። ሐኪሞቹ ክፉ አልተናገሩም፤ ግን ስኳር አለባት፣ ዕድሜዋም ሰባን አልፏል፣ "እናያለን" የምትለው ቃል ከአፋቸው አትጠፋም። ቀኑን እህቴ ትይዛለች፣ ሌሊቱ የኔ ነው።

እማዬ ዳዊት ሳትደግም ውላ አታውቅም። የዕለቱን ሳታደርስ ቡና እንኳ አትቀምስም ነበር። አሁን ዓይኗ ስለደከመ "ነይ እስቲ ዳዊቴን አንብቢልኝ" ትለኛለች። መጽሐፏ ግዕዝ ነው፤ እኔ ፊደሉን አውቀዋለሁ እንጂ ንባቡ ላይ እንቀረፈፋለሁ። ትናንት "90ን" አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቼ 90 ብዬ ጀመርኩላት። "የዘመኖቻችንም ዕድሜ ሰባ ዓመት፥ ቢበረታም ሰማንያ ዓመት ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። እሷ ሳቀች። "ይሄ አይደለም ልጄ፣ ገና አትቅበሪኝ" አለችኝ።

እና የቱን ነው የምትለኝ? ይሄኛው ቀላሉ ጥያቄ ነው። የሚከብደኝ ሌላ ነው። እሷ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እኔ ግን እያነበብኩ ልቤ ይደልቃል። ኮሪደሩ ላይ የአልጋ ጎማ በጮኸ ቁጥር እበረግጋለሁ። ቃሉ በአፌ ያልፋል እንጂ ውስጤ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን የማልቀር ሰው ነኝ። ታዲያ ይሄ እምነት ማጣት ነው? ሌሊት ያስታመማችሁ፣ ምን ታነቡ ነበር? ድፍረቱንስ ከየት አመጣችሁት?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ (ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 7:15)

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልሽ እህቴ። እናትሽ ደግሞ ቀልዳቸው አልተለያቸውም፤ ይሄ ደህና ምልክት ነው።

በቁጥሩ ብዙ ሰው ይደናገራል። የእናትሽ ዳዊት የሚቆጥረው በሰባው ሊቃናት፣ ማለትም በጥንቱ የግሪክ ትርጉም አቆጣጠር ነው፤ ስልክሽ ላይ ያለው በዕብራይስጡ። እስከ 8 እኩል ይሄዳሉ። ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የለየውን የኛው አንድ መዝሙር አድርጎ ስለሚይዘው፣ ከዚያ ወዲያ ከጥቂት ቦታ በቀር የኛው በአንድ እያነሰ ይሄድና 148 ላይ እንደገና ይገጥማሉ። ስለዚህ የእናትሽ 90 ስልክሽ ላይ 91 ነው፤ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" የሚለው። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የእሳቸው 22፣ ያንቺ 23። የንስሐው መዝሙር የእሳቸው 50፣ ያንቺ 51።

የዕለቱን ማድረስ ከፈለጉ፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አልጋ ሥር ቁጭ ብለሽ 30 መዝሙር ድገሚ ግን አልልሽም። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ በሌሊት አንድ ንጉሥ ካደረስሽ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ግዕዙ አትጨነቂ። ዕድሜ ልካቸውን የደገሙት ከሆነ በቃላቸው አለ። ዓይናቸው ነው የደከመው፣ ዳዊቱ አልጠፋባቸውም። አንቺ "ዘየኃድር በረድኤተ ልዑል" በዪና ዝም በዪ፤ "ወይነብር ውስተ ጽላሎቱ ለአምላከ ሰማይ" ብለው ይቀበሉሻል። ከዚያ ያው ቁጥር በአማርኛው ምን እንደሚል ለራስሽ አንብቢ። አንቺ መሪ፣ እሳቸው ተመሪ። እንዲያውም ትንሽ ብትሳሳቺ ደስ ይላቸዋል፤ ማረም የሚወድ እናት ያለችው ሰው ያውቀዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ ከእኔ የሚሻሉ እዚህ አሉ።

ወለተ ማርያም (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:05)

አሜን። እኔ አባቴን ሳስታምም ዳዊቱን ትራሱ ሥር አድርጌለት ነበር የማድረው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ፣ ክፉ ነገር አይቀርባትም።

ጸጋ በዛልኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:20)

የማታዋ፣ ጌታ እናትሽን ይንካልሽ። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፣ ዳዊት መድገም ላይ ልምዱ የለኝም፤ የሌሊቱን ፍርሃት ግን አውቀዋለሁ።

"ቃሉ ውስጤ አይገባም" ያልሽው ላይ ቆየሁ። ሮሜ 8:26ን ተመልከቺ፤ እንዴት መጸለይ እንደሚገባን አናውቅም፣ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። ይህን የጻፈው ጳውሎስ ነው እንግዲህ፣ ጸሎት ያላወቀ ሰው አይደለም። ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1 ላይ በእስያ ስለደረሰበት መከራ ሲናገር ከዓቅማችን በላይ ከበደብን፣ ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ ቆረጥን ይላል። እምነት አጣ ብለን አንናገረውም።

እኔ ልጄ ታማ በነበረችበት ጊዜ የያዝኳት ፊልጵስዩስ 4:6-7 ነበረች፦ "በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ። አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን በክርስቶስ ኢየሱስ ይጠብቃል።" ድሮ ሳነባት "አትጨነቁ" የምትለዋ ትቆጣኝ ነበር፤ መጨነቄ ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ። በኋላ ሳየው ጳውሎስ ይህን የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው፣ ሞት ይምጣ ሕይወት ይምጣ ሳያውቅ። ልመናችሁን አስታውቁ ነው የሚለው። የምታስታውቂው ነገር ደግሞ ፍርሃቱን ራሱን ነው። "ጌታ ሆይ፣ የአልጋ ጎማ ሲጮህ እየበረገግሁ ነው" በዪው። ይሄም ጸሎት ነው።

ወለተ ማርያም፣ እህቴ በፍቅር ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ ክታብ አይደለም። ትራስ ሥር ሆኖ አይጠብቅም፤ ሲነበብ ነው የሚሠራው።

ወለተ ማርያም (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:41)

ክታብ አልኩ እንዴ? የልጅሽን ፎቶ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ አትዞሪም? አባቴ እጁን ትራሱ ሥር ሰዶ ሲዳስሰው ይረጋጋ ነበር፤ ያንን ነው ያልኩት። እናንተ ሁሉን ነገር አስማት ታደርጉታላችሁ።

አዲስ አማኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:58)

ኧረ ልክ ናት፣ ኦርቶዶክሶች ሁሌ እንዲህ

አወያይ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:10)

ከዚህ በላይ ያለውን ክርክር ወደ ሌላ ክር ወስጄዋለሁ፤ ሰባት መልእክት ነበር። እዚህ አንዲት ልጅ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ እያነበበች ነው። እሷን የሚጠቅም ያለው ይጻፍ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:30)

የማታዋ፣ አንቺን የመሰሉ አስታማሚዎች በየሌሊቱ አያለሁ። በሽተኛው ይድናል፣ አስታማሚው ይወድቃል። ከእራት በፊት መጣሁ ብሎ እራት ሳይበላ የሚነጋበት ሰው ብዙ ነው። ከትናንት ጀምሮ ምን በላሽ?

መንፈሳዊ ጥያቄ ጠየቅኩ ምግብ ታወሪያለሽ እንዳትይኝ፣ 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቢው። ኤልያስ ቀርሜሎስ ላይ እሳት ካስወረደ በኋላ ነው ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ብትለው ነፍሴ አውጪኝ ያለው። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ" አለ። መልአኩ መጣ፣ ግን አልሰበከውም። "እንዲህ ያለ ተአምር ያየህ ሰውዬ እንዴት ትፈራለህ?" አላለውም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰውና "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ" አለው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ የሄደው። እግዚአብሔርም ያናገረው እዚያ ደርሶ ነው፤ መጀመሪያ አበላው፣ አስተኛው።

የልብሽ መደለቅ ደግሞ እምነት ከማጣት ጋር አታገናኚው። እንቅልፍ ያጣና ያልበላ ሰውነት ነው። ሌሊት ላይ ቡና ተይ። ኦፕሬሽኑ አልፎም ካልተወሽ ሐኪም አናግሪ፤ ነውር የለውም። መጽሐፈ ሲራክ 38 ባለመድኃኒቱን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል፤ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው ይላል። ይህን ጸበል ወይስ ሐኪም እያሉ ለሚጨቃጨቁ ቤተሰቦች ሁሌ እነግራቸዋለሁ።

ድምፅሽን ደግሞ ዝቅ አድርጊ። ጎንሽ ያለችው በሽተኛ የሌላ እምነት ሰው ልትሆን ትችላለች፤ እሷም መተኛት አለባት።

ሪያድ ያለችው (ረቡዕ፣ ማታ 3:45)

እህቴ አይዞሽ። እኔ ሳውዲ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም፤ ቅዳሴ የምንሰማው በስልክ ነው፣ እሱም ስልክ ሲኖር። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ስልኬን ማታ ማታ ይወስዱብኝ ነበር። መጽሐፍም አልነበረኝም።

ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት በቃላችን ካስያዙን ውስጥ 22 እና 90 ቀርተውልኛል። 26ም እስከ ግማሹ። "እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?" እያልኩ ዕቃ አጥባለሁ። የሚያስፈራኝ ማን እንደሆነ በደንብ አውቅ ነበር፤ ሳሎን ቁጭ ብላ ነበር :) ግን እያልኩት እጄ መንቀጥቀጡን ይተዋል። ቃል ሲጠፋኝ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 41 ጊዜ እላለሁ፤ በጣቴ ነው የምቆጥረው፣ መቁጠሪያ አያስገቡም።

ልልሽ የፈለግኩት ይህን ነው፦ አሁን ባይገባሽም አንብቢው። እኔ ያኔ ሳጠና አንድ ቃል አልገባኝም ነበር፤ መምህራችን እንዳይቆጡኝ ብቻ ነበር የማጠናው። ከዓመታት በኋላ ያንን ያህል እንደምፈልገው ማን ያውቃል? እናትሽ ያን ሁሉ ዓመት ስታጠራቅም ነው የኖረችው።

የማታዋ (ረቡዕ፣ ማታ 5:20)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነርሷ፣ አዎ አልበላሁም ነበር፤ አሁን እህቴ ያመጣችውን ሽሮ በላሁ። "ዘየኃድር" ብዬ ዝም አልኩ፤ እማዬ ያለማቋረጥ እስከ መጨረሻው ወረደችው። የዚህ ክፍል ተረኛ ነርስም መጥታ ቆማ ሰማች። ሪያድ ያለሽው፣ እህቴ፣ አምላክ ይጠብቅሽ፤ ስለ አንቺም እጸልያለሁ።

ዝምታ (ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:10)

ደስታችሁን ላበላሽ አልፈለግኩም። ግን አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።

ታናሽ ወንድሜ ሲታመም ቤታችን በሙሉ 90ን ስንደግም ከረምን። እናቴ ጾማ፣ እኔ ሥራ ትቼ። "በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም" ይላል። ቀረበ። ቀብረነው ገባን። ከዚያ ወዲህ ያንን መዝሙር ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። የማታዋ፣ እናትሽን ይማርልሽ፣ ከልቤ ነው። ግን እዚህ ሁላችሁ የሚሠራ መድኃኒት እንደምታዝዙ ነው የምታወሩት። ሳይሠራስ ሲቀር?

በረከት (ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:22)

ወንድሜ ሁሉም ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር ምክንያት አለው። በርታ።

ዝምታ (ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:25)

ለማን በጎ? ናና ለእናቴ ንገራት።

ጡረተኛው መምህር (ሐሙስ፣ ንጋት 11:50)

ልጄ ዝምታ፣ ነፍሱን ይማር። እናትህንም እግዚአብሔር ያጽናልህ። ጥያቄህ ደስታችንን አላበላሸም፤ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ቁም ነገሩ እሱ ይመስለኛል። ረዘም ካለብህ ይቅርታ፣ ሽማግሌ ሲጽፍ እንዲህ ነው።

በረከት፣ አንተም በክፉ እንዳላልከው አውቃለሁ። ግን መጽሐፈ ኢዮብን ተመልከት። ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር ምድር ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው እነሱን ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ልብ በል፣ ሲጮህ፣ ሲሟገት፣ የተወለደባትን ቀን ሲረግም የከረመው ኢዮብ ነው። የእግዚአብሔርን ጠበቃ ሆነው ሲከራከሩ የነበሩት ደግሞ እነሱ። እግዚአብሔር ለኢዮብ ፈረደ።

አሁን ወደ 90። ይህን መዝሙር እንደ ዋስትና ወረቀት አድርጎ የጠቀሰ አንድ ሰው በወንጌል አለ ብዬ ሰው ልበለው እንጂ ሰው አይደለም። ማቴዎስ 4 ላይ ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ አቁሞ "ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል ተብሎ ተጽፏልና" ያለው ከዚሁ መዝሙር ጠቅሶ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር "አንበሳውንና ዘንዶውን ትረግጣለህ" ስለሚል እዚያ ሳይደርስ አቆመ፤ ይህን ሰባኪዎች ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ። ጌታ የመለሰለት "እግዚአብሔርን አትፈታተነው" ብሎ ነው። ተስፋው ውሸት ነው አላለም። ግን በዚያ መንገድ ሊይዘው እምቢ አለ።

ያው ጌታ በጌቴሴማኒ "ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች" አለ። ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ሉቃስ መልአክ ከሰማይ ታይቶ አበረታው ይላል። መልአኩ መጣ፤ ጽዋው ግን አልተነሣም። ይህን ነው ብዙ ጊዜ የምዘልለው፣ ማለቴ እኛ ሁላችን የምንዘልለው። በመስቀል ላይም የጮኸው ከዳዊት ነው፤ "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ" የሚለው የ21ኛው መዝሙር መጀመሪያ ነው። የተተወ ሰው የሚጮኸውን ጩኸት ከጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አውጥቶ ጮኸው።

የእናንተ ቤት ጸሎት ለምን እንዲህ ሆነ ብትለኝ መልስ የለኝም፤ አለኝ የሚልህን አትመነው። ግን ዳዊት 90 ብቻ አይደለም። 87ን አንብበህ ታውቃለህ? በስልክ 88 ነው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች ሲያልቁ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይሄኛው አይዞርም። ይጮኻል፣ "ለምን ፊትህን ትሰውርብኛለህ" ይላል፣ በጨለማ ያልቃል። ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ ያወጣው ማንም የለም። እናትህ ዳዊት የምትደግም ከሆነች የሐሙስ ነው፤ በየሳምንቱ ታልፍበታለች።

90ን ማንበብ ካልቻልክ አታንብበው። ማንም አያስገድድህም።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:15)

መምህር ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

ድፍረት ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር። አቡነ ጴጥሮስን ፋሽስቶች አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ የረሸኗቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አርበኞቹን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ስላሉ ነው። የገዳም ሰው ናቸው፣ ዳዊት በልባቸው ያለ። "ወደ አንተ ግን አይቀርብም" የሚለውን ስንት ሺህ ጊዜ ደግመውታል። ጥይቱ ቀረባቸው። መዝሙሩ የዋሸባቸው አይመስለኝም፤ ማውገዙ ነው ያልቀረባቸው። ሳይፈሩ ቀርተው ነው ብዬ አላምንም። ሰው ናቸው። እምቢ ማለቱን ግን ቻሉት።

ጸጋ በዛልኝ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:50)

የኛ ቤት ደግሞ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት። በደርግ ጊዜ ታስረው ተፈቱ፤ ከአገር ውጡ ሲባሉ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። አሁን ነው ያስተዋልኩት፤ ሐምሌ 21 እና ሐምሌ 22፣ ጎን ለጎን ናቸው።

ወለተ ማርያም፣ ስለ ትራሱ ያልኩት ከብዶሽ ከሆነ... ልጄ ሆስፒታል ሳለች አዲስ ኪዳኗን እቅፍ አድርጋ ነበር የምትተኛው። አልቀማኋትም።

ወለተ ማርያም (ሐሙስ፣ ጠዋት 3:02)

ተባረኪ እህቴ :)

የማታዋ (ሐሙስ፣ ማታ 2:30)

ገብታ ወጣች። የተባለልን ሰዓት አልፎ ስለቆየ እኔና እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ነበር። አሁን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ናት፤ ሐኪሙ "ኦፕሬሽኑ ጥሩ ነው፣ የስኳሯ ነገር ግን ሁለት ሦስት ቀን መታየት አለበት" አለን። "እናያለን" አሁንም አልቀረችም።

ደረጃው ላይ 90ን ማንበብ አልሆነልኝም። ዝምታ፣ አንተ ከጻፍከው በኋላ ፈራሁት መሰለኝ፤ አልቀየምኩህም። ወደ ኋላ ስገልጥ 13 ላይ ቆምኩ (ለእማዬ 12 መሆኑ ነው)። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚለው። አጭር ስለሆነ ደጋግሜ አነበብኩት፣ እህቴም አብራኝ። እህቴ ጸሎት ላይ ብዙም አይደለችም፤ "እንዲህ ማለት ይቻላል እንዴ?" አለችኝ። ልቤ መደለቁን አልተወም። ግን መጠበቁን ቻልነው፤ ከደረጃው ተነሥቼ የትም አልሄድኩም።

ዝምታ (ሐሙስ፣ ማታ 4:05)

እንኳን ወጣችልሽ። ስላስፈራሁሽ ይቅርታ።

መምህር፣ 87ን አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ውስጥ እንዳለ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ቀብር ላይ የሚነበብልን ሌላ ሌላው ነው። ተጽናናሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ቤት ማንም ስላልነበረ። ለእናቴ ገና አላሳየኋትም።

ጡረተኛው መምህር (ሐሙስ፣ ማታ 4:40)

አትቸኩል ልጄ። እሷ ምናልባት ከአንተ ቀድማ ታውቀዋለች። ጠይቃት እንጂ አታስተምራት።

ሪያድ ያለችው (ሐሙስ፣ ማታ 5:55)

እማማ እንኳን ማርያም ማረቻቸው፣ ማለቴ ለወሊድ ነው የሚባለው ግን እኔ ለሁሉም ነው የምለው። እልልልል

የማታዋ (ዓርብ፣ ጠዋት 12:50)

ነቃች! አምስት ደቂቃ ብቻ አስገቡኝ። ድምፅ የላትም፤ በከንፈሯ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለችኝ። ዓርብ ስላት "የዓርቡን" አለችኝ። ከ111 እስከ 130 ብላችሁኛል፤ ስገልጠው ግን አንዱ አያልቅም፣ ገጽ በገጽ ነው። ሁሉንም ላንብብላት?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ (ዓርብ፣ ጠዋት 1:20)

እግዚአብሔር ይመስገን!! አይ፣ እሱ 118 ነው፣ ስልክሽ ላይ 119፤ ከዳዊት ሁሉ ረጅሙ፣ 176 ቁጥር አለው። በስምንት በስምንት ቁጥር የተከፈለ ነው፣ 22 ክፍል፤ በየክፍሉ ማቆም ትችያለሽ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል አንብቢላት፣ የቀረውን ውጭ ሆነሽ አንቺ ድገሚው። ካልሆነ 120ን ውሰጂ (ያንቺ 121)፣ "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ" የሚለው፤ ስምንት ቁጥር ብቻ ነው፣ የዓርብም ነው።

የሌሊት ተረኛ ነርስ (ዓርብ፣ ጠዋት 1:34)

መጽሐፉን ይዘሽ እንዳትገቢ፣ አያስገቡሽም፤ ስልክም ከለከሉ ይሆናል። 120ን አሁኑኑ በወረቀት ጻፊውና በቃልሽ ያዢ። እጅሽን ታጠቢ። እና ቁርስ።